ከዚራ ውስጥ ለቅሶ የተማርኩበት ክፍል

ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። «እግዜር ያጽናችሁ።» «ነፍስ ይማር።» ሐዘኑ የከበደ ከሆነ ደግሞ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጣችሁ»። ይህቺን የመጨረሻዋን 19 ዓመት ሙሉ ሰምቻታለሁ። ኢዮብ አፉን ከፍቶ ምን እንዳለ ግን ያነበብኩት ዘንድሮ ነው።

ያነበብኩትም ብቻዬን አይደለም። ካለፈው የካቲት ጀምሮ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ፣ ለ12 ቅዳሜ የተሰጠ ትምህርት ነበር። ስለ ለቅሶ ነው። በዕብራይስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ግጥም ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚያለቅስ፣ በተለይ ያልበደለ ሰው ሲመታ ምን እንደሚል። ማስታወቂያውን ያየሁት ፎቶ ኮፒ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። የንግድ ፈቃዴን ኮፒ ላስደርግ ገብቼ ነበር። መጋላ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ የሚበዛበት ሰዓት ነው። ግን ማስታወቂያውን ካነበብኩ በኋላ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። አሁን ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነው፤ ሰውም «እንዴት ነበር?» እያለ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍ።

መጀመሪያ ተራውን ነገር ልጨርስ። ክፍያው 800 ብር ነው፣ ጥራዙን ጨምሮ። ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው። ወደ ሃያ ሰው እንሆን ነበር፦ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩ ተቀላቅሎ። ሁለት ነርሶች፣ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ አንድ ዲያቆን፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ሴት አሉበት። ሻይ በመሀል አለ፤ ለብቻው አይከፈልም። አስተማሪው በወጣትነታቸው ነገረ መለኮት ሲማሩ ዕብራይስጥ የተማሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ቬንትሌተሩ ሲዞር ከኋላ የተቀመጠ ሰው አይሰማቸውም። ቀድማችሁ ሂዱና ከፊት ተቀመጡ።

ለምን እንደሄድኩ ደግሞ መናገር አለብኝ።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ቤታችን ወንዙ ዳር ነበር። ድሬን ለማታውቁ፦ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ወንዝ ይሆናል። ያን ሌሊት በከተማችን ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ትንሹ ወንድሜ አንዱ ነው። 9 ዓመቱ ነበር። በሩን ዘግተን ነበር፤ ውሃው በመስኮት ገባ።

ለቅሶው ላይ አንድ የተከበሩ ሰው እናቴ አጠገብ ተቀመጡ። «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አያደርግም፤ ቤታችሁን መርምሩ» አሏት። ክፉ ሰው አይደሉም። የመሰላቸውን ነው የተናገሩት። እማዬ ግን ያን ቃል ዋጠችው፤ ከዚያ ወዲህ ከውስጧ ወጥቶላት አያውቅም። በዚያው ድንኳን ውስጥ ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። ምንም አልተናገሩም። ውሃ ያቀብሉታል፣ ነጠላው ሲወድቅ ያነሱለታል፣ አለቀ። ዛሬ ስለ ሁለቱ ሰዎች ሳስብ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች ትምህርት በሙሉ እዚያ ድንኳን ውስጥ እንደነበር ይገባኛል።

ሦስቱ ቅዳሜዎች የኢዮብ ናቸው። ጋሼ የጀመሩት ከወዳጆቹ ነው። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሲመጡ ኢዮብን ከሩቅ አይተው አላወቁትም። ልብሳቸውን ቀደዱ፣ አለቀሱ፣ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል አልተናገሩትም፤ ሕመሙ ታላቅ እንደሆነ አይተዋልና። ጋሼ እዚህ ላይ መጽሐፉን አጠፉት። «እስከዚህ ድረስ ጥሩ ለቅሶ ደራሾች ነበሩ» አሉ። «የተበላሸው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው።»

እውነትም ነው። ምዕራፍ 1 እና 2 ተራ ትረካ ነው። እዚያ ያለው ኢዮብ ሁላችንም የምናውቀው ታጋሹ ኢዮብ ነው፤ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» የሚለው። ምዕራፍ 3 ላይ ግጥሙ ይጀምራል፤ የግጥሙም መጀመሪያ እርግማን ነው። የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ቀኑ ይጥፋ፣ ጨለማ ይሁን፣ ከዓመቱ ቀኖች ጋር አይቆጠር ይላል። ግጥሙ ምዕራፍ 42 መጀመሪያ ድረስ ይሄዳል፣ በዚያ ሁሉ መሀል ኢዮብ ይጮኻል፣ ይከሳል፣ ፍርድ ቤት እንቁም ይላል። እኛ ለቅሶ ቤት የምንመኝለት ትዕግሥት የሁለት ምዕራፍ ነው። የቀረው ጩኸት ነው። ይህንን ስሰማ ደነገጥኩ። ማንም ነግሮኝ አያውቅማ!

ወዳጆቹ የሚሉትን ደግሞ ስናነብ ክፍሉ ዝም አለ። ኤልፋዝ «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ይላል። በልዳዶስ ይብሳል። አሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ላጣ አባት፣ ልጆችህ በድለው ይሆናል፣ የበደላቸውን አገኙ ይለዋል። የሞቱትን ልጆች! ቅመም የምትሸጠው ሴትዮ «ኧረ አቦ!» ብላ ጥራዙን ጭኗ ላይ ጣለችው። እኔ ደግሞ እማዬ አጠገብ የተቀመጡት ሰውዬ ታዩኝ። ቃላቸው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲነገር የኖረ ቃል ነው። እርሳቸው የመጀመሪያው አይደሉም።

ኢዮብ ለወዳጆቹ የሚመልሰው ምዕራፍ 6 ላይ ያለው ነገር ግን ለእኛ ለድሬ ሰዎች የተጻፈ ነው የሚመስለው። ወንድሞቼ እንደ ፈፋ አታለሉኝ ይላል። በክረምት ይሞላል፣ ሙቀት ሲመጣ ከስፍራው ይጠፋል። የቴማን ነጋዴዎች አሻግረው ያዩታል፣ የሳባ መንገደኞች ተስፋ ያደርጉታል፤ ሲደርሱ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ያፍራሉ። ጋሼ ይህን ካነበቡ በኋላ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። ሁላችንም ደቻቱን ተሻግረን ነው የመጣነው።

አንድ ነገር ደግሞ በቅርብ አሳይተውናል፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ምዕራፍ 13 ቁጥር 15 ነው። ሰሌዳው ላይ አንዲት አጭር የዕብራይስጥ ቃል ጻፉ፣ «ሎ» ትባላለች። ከሥሯ ሌላ «ሎ» ጻፉ። ድምፃቸው አንድ ነው። የመጀመሪያዋ በአሌፍ ትጨርሳለች፤ «አይደለም» ማለት ነው። ሁለተኛዋ በዋው ትጨርሳለች፤ «ለእርሱ» ማለት ነው። ጽሑፉ የመጀመሪያዋን ይዟል፤ ዳር ላይ ያለው የንባብ ማስታወሻ ሁለተኛዋን አንብቡ ይላል። በአንደኛዋ ካነበባችሁት «ይገድለኛል፣ ተስፋ የለኝም» ይሆናል። በሁለተኛዋ ካነበባችሁት «ቢገድለኝም እርሱን እጠብቃለሁ» ይሆናል። ጸሐፊዎቹ አንዱን አጥፍተው አንዱን አላስቀሩም፤ ሁለቱንም ለትውልድ አስተላለፉ። ሁለቱ «ሎ»ዎች ሰሌዳው ላይ አንዱ ባንዱ ሥር ተቀምጠው ሳይ «እማዬ ይህቺ ናት» አልኩ። ጠዋት አንዷን ትላለች፣ ማታ ሌላዋን።

መጨረሻውንም ንገሩኝ ካላችሁ፣ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ይመልሳል፤ ግን መልሱ ጥያቄ ነው። ምድርን ስመሠርት የት ነበርህ? የበረዶን መዝገብ አይተሃል? የበረሃ ፍየል መቼ እንደምትወልድ ታውቃለህ? ልጆችህ የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው የሚል አንድ መስመር የለም። ከዚያ ግን ወደ ኤልፋዝ ዞሮ፣ አንተና ሁለቱ ባልንጀሮችህ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይለዋል። ቅን የተናገረው የጮኸው ነው። እግዚአብሔርን ሊከላከሉለት የሞከሩት ናቸው የተቆጣባቸው። ለእኔ 800 ብሩ እዚህች ላይ ተከፈለ።

ምዕራፍ 42ን ግን ጋሼ አሩጠውብናል። የኢዮብ በግ ከ7,000 ወደ 14,000፣ ግመሉ ከ3,000 ወደ 6,000 ይሆናል፣ ሁሉ እጥፍ። ልጆቹ ግን እጥፍ አይሆኑም፤ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ እንደ ድሮው አሥር። ለምን? ነርሷ ጠየቀች። የሞቱት አሁንም ስለሚቆጠሩ ነው የሚሉ አሉ ብለው አለፉ። ሰዓት አልቆ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰዓት አልቋል ተብሎ አይታለፍም። ልጅ የቀበረ ሰው ያለበት ክፍል ነው፤ ግማሹን ሰዓት ለዚህ መስጠት ነበረባቸው። ከሦስቱ ወዳጆች በኋላ የሚናገረውን የወጣቱን የኤሊሁን ስድስት ምዕራፍ በአንድ ግማሽ ሰዓት መጨረሳቸውን ግን አልቀየምም። የኢዮብን ሚስት ነገርም አልረሱትም፤ አሥሩንም የወለደችው እርስዋ መሆኗን፣ ስለ እርስዋ ሐዘን መጽሐፉ አንድ መስመር ብቻ እንደሰጠ አስታውሰውናል።

ቀጣዮቹ አምስት ቅዳሜዎች ሰቆቃወ ኤርምያስ ናቸው። የትምህርቱ ልብ ይህ ነው።

ነገሩ ኢየሩሳሌም ነው። የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር ከተማዋን ከብቦ በረሃብ ጨርሶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ወይም በ586 አፈረሳት። መጽሐፉ አምስት ግጥም ነው። በዕብራይስጥ ስሙ «ኤካ» ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ነው ስም የሆነው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ግጥም በዚሁ ቃል ይጀምራሉ። ጋሼ ቃሉን ጻፉና ወደ እኛ ዞሩ። «ኤካ ማለት ‹እንዴት!› ማለት ነው» አሉ።

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ።

ስለ እማዬ ያልነገርኳችሁ አለ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ «ለምን» ብላ አታውቅም። ቤታችሁን መርምሩ ያሏት ዕለት ይመስለኛል አፏን የያዘችው። የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነው። ቡና እየቆላች ድንገት መቁያውን ትይዝና «እንዴት!» ትላለች። ለማንም አይደለም። ከዚያ መቁላቱን ትቀጥላለች። ቡናው እንደተቃጠለ ሽታው ሲነግረኝ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንዳለች አውቃለሁ። እኔ ይህንን እንደ ልማድ ነበር የማየው። ትልቁ የለቅሶ መጽሐፍ በዚያው ቃል የሚጠራ መሆኑን ማን አወቀ? ሕዝብ ሞልቶባት የነበረች ከተማ ብቻዋን እንዴት ተቀመጠች! ጋሼ በዕብራይስጡ አነበቡልን፦ «ኤካ ያሽባ ባዳድ።» ሦስት ቃል። ሴት መሬት ላይ ስትቀመጥ የሚሰማ ድምፅ አለው።

ከዚያ ስፌቱን አሳዩን። ስፌት የምለው እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ስለሆነ። ዕብራይስጥ 22 ፊደል አለው። አንደኛው ግጥም 22 ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር በየተራው ፊደል ይጀምራል፣ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ እስከ ታው። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ አራተኛውም እንዲሁ። መሀለኛው፣ ሦስተኛው፣ ይባስ ብሎ ለአንድ ፊደል ሦስት ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ 66 ይሆናል። አምስተኛው 22 ቁጥር አለው፣ ፊደሉ ግን ተራውን አይከተልም። ጥለቱ አለቀ፣ ጨርቁ ብቻ ቀረ። አማርኛው ይህን ማሳየት አይችልም፤ እኛ «አበገደ» ስለምናውቅ ግን ቶሎ ገባን። ዲያቆኑ መዝሙረ ዳዊት 118 ላይ ያሉትን የፊደል ስሞች በቃሉ ወጣቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጸልያቸው ኖሮ ለምን እዚያ እንደተቀመጡ የገባው ያን ዕለት መሆኑን ነገረን።

ለምን በፊደል ተራ? ጋሼ ያሉት በአጭሩ ይህ ነው። ሐዘን መጨረሻ የለውም፤ ፊደል ግን መጨረሻ አለው። ከአሌፍ እስከ ታው አልቅሰህ ስትጨርስ ሁሉንም ብለሃል። ደግሞም ሳትጨርስ አታቋርጥም፤ ገና «ቆፍ» አለ፣ ገና «ሬስ» አለ። የሚያለቅሰውን ሰው ፊደሉ ይዞት ይሄዳል። እኔ ይህንን በእጄ አውቀዋለሁ። በዚያ ሐምሌ ከለቅሶው ማግስት የሰው ልብስ ጨርስልኝ ተብዬ ማሽን ላይ ተቀመጥኩ። ከስፌቱ ሌላ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር አልነበረኝም።

ስለ ምቱም ተምረናል። ይህቺን በጭብጨባ አስተማሩን። የለቅሶ ስንኝ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ሦስት ምት ነው፣ ሁለተኛው ሁለት። አሞጽ 5፥2ን ሰጡን፦ «ነፍላ፣ ሎ ቶሲፍ፣ ቁም፤ በቱላት፣ ይስራኤል።» ወደቀች፣ ዳግም አትነሣም፣ የእስራኤል ድንግል። ሦስት እናጨበጭባለን፣ ከዚያ ሁለት። ሦስተኛውን እጅ ይጠብቃል፣ አይመጣም። አንካሳ እርምጃ ይመስላል። ካርል ቡደ የተባለ ጀርመናዊ በ1882 ነው ይህን ምት ለይቶ የጻፈው፤ ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው ሮበርት ሎውዝ በ1753 የዕብራይስጥ ስንኝ እንዴት በጥንድ እንደሚሄድ አሳይቶ ነበር። የባቡሩ ጡረተኛ ግን «ሙሾ አውራጅ ደረቷን ስትመታ ይሄው አይደል እንዴ?» አሉና አሳዩን። ሁለት ሦስት ጊዜ ደረታቸውን መቱ። አዳራሹ ውስጥ እውነተኛ ለቅሶ ገባ።

አልቃሾቹን ኤርምያስም ያውቃቸዋል። ምዕራፍ 9 ላይ አልቃሾች ሴቶችን ጥሩ ይላል። ለሴቶች ልጆቻችሁ ልቅሶ አስተምሩ ይላል። ሙሾ ትምህርት ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ። ወዲያው የሚቀጥለው ቁጥር ሞት በመስኮታችን ወጥቶ ገባ ይላል፤ ሕፃናቱን ከመንገድ ለማጥፋት። ይህን ሲነበብ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ጋሼ ተከትለው አልመጡም። ቅመም ሻጯ ሻይ ይዛልኝ መጣች፣ ሰጠችኝ፣ ተመለሰች።

ሰቆቃወ ኤርምያስ ስለ በደል አይደብቅም፤ ይህንንም ጋሼ አልሸፈኑትም። ከተማዋ ራሷ በድያለሁ ትላለች። ግን ሁለተኛው ግጥም ላይ ሕፃናቱ አሉ። በጎዳናው ላይ እየዛሉ እናቶቻቸውን «እህልና ወይን ወዴት አለ?» ይላሉ፣ ነፍሳቸውም በእናታቸው ዕቅፍ ትፈስሳለች። አራተኛው ላይ የሕፃኑ ምላስ በጥማት ከላንቃው ይጣበቃል። እዚያ ላይ ገጣሚው የበደል ሒሳብ አያወራርድም። አቤቱ፣ ማንን እንዲህ እንዳደረግህ ተመልከት ነው የሚለው። አዋቂው በድሏል ቢባል እንኳ ልጁስ? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ ይዞ እግዚአብሔር ፊት ይቆማል። እግዚአብሔርም በአምስቱም ምዕራፍ በራሱ ድምፅ አንድ ጊዜ አይመልስም። የመጀመሪያው ግጥም «የሚያጽናናት የለም» የሚለውን ነገር አምስት ጊዜ ይደጋግማል። ቆጥረነዋል።

ትንሽ ከመንገዱ ልውጣ፣ ስለ አቤሜሌክ ካልተናገርኩ አልችልም። ኤርምያስን ጭቃ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ጥለውት ነበር። ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ምዕራፍ 38ን ክፈቱና ዝርዝሩን እዩ። ገመድ ብቻ አልወረወረለትም። መጀመሪያ ከንጉሡ ቤት ያረጀ ጨርቅና ብጣሽ ልብስ ሰበሰበ፣ በገመድ አወረደለት፣ «ይህን በብብትህ ከገመዱ በታች አድርግ» አለው። ገመዱ እንዳይቆርጠው! በየቀኑ ከማሽኔ ሥር ብጣሽ ጨርቅ ጠርጌ እጥላለሁ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሳይጠረግ የሚቀር አለ። ሐጂ ውሃ ሲያቀብሉ የነበሩት፣ ሴትዮዋ ሻይ ያመጣችልኝ፣ ይኸው ብጣሽ ጨርቅ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ላለ ሰው ስለ ጉድጓዱ ምክንያት መንገር ምን ያደርግለታል?

የቤት ሥራም ነበር። እያንዳንዳችን በአበገደ ተራ ሙሾ እንድንጽፍ ታዘዝን። ግጥም ጽፌ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ታው ድረስ ደረስኩ። መጀመሪያውን እነሆ፦

አሸዋውን አየሁ፣ ደርቆ ተኝቷል፣
በዚያች ሌሊት ግን ተነስቶ ቤት ገብቷል።
ገና ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጥርሱ እንኳ አልሞላ፣
ደቻቱ በሌሊት የሰው ልጅ ሲበላ።

ደ ላይ ስደርስ ሌላ ቃል አልፈለግኩም። ተራው ራሱ አመጣልኝ።

መዝሙራቱ አራት ቅዳሜ ተሰጥቷቸው በተግባር ሦስት ሆኑ። አንዱ ቅዳሜ አዳራሹ ለሰርግ ተከራይቶ ደርሰን ተመለስን። ምትክ ቀን አልተሰጠንም፣ ገንዘቡም አልተመለሰም። ይህ ትክክል አይደለም፤ ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ። ጥራዙ ውስጥ ደግሞ የመዝሙር ቁጥሩ የተምታታ ነው። የግእዙ ዳዊት 87 የሚለውን ሌላው መጽሐፍ 88 ይለዋል፤ ጥራዙ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይቆጥራል። ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ። መዝሙር 137ን «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ» ብለን በሃያ ደቂቃ ጨረስን፣ የመጨረሻው ቁጥር ሳይነበብ። እዚያ ስለ ባቢሎን ሕፃናት የሚባለው አስፈሪ ነው፣ ስለዚህ ነው የታለፈው። ስለ ንጹሐን መከራ የሚማር ክፍል ግን የጠላትን ሕፃን ዘሎ ማለፍ የለበትም። ከአምስት ኮከብ አራት የሰጠሁት በሰርጉ ምክንያት አይደለም፣ በዚህች አንዲት ቁጥር ነው።

መዝሙር 88 ግን በደንብ ተነቧል። አብዛኛው የለቅሶ መዝሙር መጨረሻው ላይ ይዞራል። «እስከ መቼ?» ብሎ የጀመረው መዝሙር 13 እንኳ አራት ጊዜ እስከ መቼ ብሎ በዝማሬ ያልቃል። 88 አይዞርም። በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል «ጨለማ» ነው። ነርሷ «ታዲያ ይህ ምኑ ጸሎት ነው?» አለች። ጋሼ የመጀመሪያውን ቁጥር እንደገና አስነበቧት፦ አቤቱ፣ የመድኃኒቴ አምላክ፣ ብሎ ነው የሚጀምረው። ጨለማውን ለማን እንደሚናገር ያውቃል።

እማዬን ያመጣኋት ለመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። ዳዊት ሲነበብ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ከማራገቢያው ሥር አስቀመጥኳት። ጋሼ አምስተኛውን ግጥም ለመጨረሻ አቆይተውት ነበር፣ ፊደሉ የማይከተለውን። ሁላችንም ባንድ ድምፅ አነበብን። ከማንበባችን በፊት አይሁድ ቤተ መቅደሱ የፈረሰበትን ቀን ሲያስቡ መሬት ላይ ተቀምጠው ይህን መጽሐፍ እንደሚያነቡ ነገሩን። የመጨረሻው ቁጥር ፈጽመህ ጥለኸናል እንዴ የሚል ከባድ ነገር ስለሆነ በእርሱ አይጨርሱም፤ ከእርሱ በፊት ያለውን፣ «አቤቱ፣ ወደ አንተ መልሰን» የሚለውን ደግመው ያነቡታል። እኛም እንዲሁ ልናደርግ ነበር።

ቁጥር 20 ላይ ስንደርስ እማዬ እጇን አነሳች። ቁጥሩ «ለምን ለዘላለም ትረሳናለህ?» ይላል። መጽሐፉ እግዚአብሔርን «ለምን» ብሎ የሚጠይቀው እዚያ ነው፣ «እንዴት» ብሎ ጀምሮ፣ ሁሉን ጨርሶ፣ ሊያልቅ ሁለት ቁጥር ሲቀረው።

«ይቺን ድገሙልኝ» አለች።

ጋሼ ደገሙላት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «አንዴም» አለች። ደገሙላት። ሦስተኛውን አብራቸው አለችው፣ «ለምን» የሚለው ላይ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። ማንም አላጽናናትም፤ ማንም «ተይ» አላላትም። ከዚያ ቁጥር 21 ቀጠለ።

ሁለተኛው ዙር በቅርቡ ይጀምራል፤ ማስታወቂያው ከዚራ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ተለጥፏል። የፕላስቲክ ወንበሩ ለሁለት ሰዓት አይመችም፣ ትራስ ነገር ያዙ። መብራት ስለሚሄድ ማራገቢያም ከቤት ያዙ። እማዬ ተመዝግባለች። ከፊት ረድፍ በግራ በኩል ያለውን ወንበር ተዉላት።